ሳይጠየቁ የሚወሰንላቸው

እ.ኤ.አ. በ1842 ለእንግሊዝ ፓርላማ የቀረበው የድንጋይ ከሰል ማውጫዎች ሪፖርት እንደ ሌሎቹ የመንግሥት ሰነዶች አልነበረም። መርማሪዎቹ ማውጫዎቹ ድረስ ሄደው፣ ሕፃናቱን አንድ በአንድ ጠይቀው፣ የመለሱላቸውን ከነአነጋገራቸው ጽፈው አመጡ። ከተጠየቁት አንዷ የ8 ዓመት ልጅ ነበረች። ሥራዋ ከመሬት በታች፣ አየር ለመቆጣጠር በተሠራ በር ሥር ተቀምጣ የከሰል ጋሪ ሲመጣ መክፈት፣ ሲያልፍ መዝጋት ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትገባለች፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ግድም ትወጣለች። መብራት አይሰጣትም። ጨለማው እንደሚያስፈራት ለመርማሪው ነገረችው፤ ብርሃን ሲኖር አልፎ አልፎ እንደምትዘፍን፣ በጨለማው ግን እንደማትደፍር አከለችበት።

ሪፖርቱ ሥዕልም ነበረው። ወገባቸው በሰንሰለት ከጋሪ ጋር ታስሮ፣ ጣሪያው ዝቅ ባለ ዋሻ ውስጥ በእጅና በጉልበታቸው የሚድሁ ልጆች ምስል ወጣ። አገሬው ደነገጠ። በዚያው ዓመት ሴቶች በሙሉ፣ ወንዶች ደግሞ 10 ዓመት ሳይሞላቸው ከመሬት በታች እንዳይሠሩ የሚከለክል ሕግ ጸደቀ።

እነዚያ ልጆች ግን ከዚያ በፊትም እዚያው ነበሩ። ከአራት ዓመት በፊት ዮርክሻየር ውስጥ ሐስካር በተባለ ማውጫ ጎርፍ ገብቶ 26 ልጆች ሞተዋል፤ ትንሹ 7 ዓመቱ ነበር። ወደ ጉድጓድ የላኳቸው ወላጆች ልጆቻቸውን የማይወዱ ሆነው አይደለም። የድሃ ልጅ ለቤቱ የሚያመጣ እጅ ነበር፤ ደመወዙ በቤተሰቡ ቀለብ ውስጥ ቀድሞ ተቆጥሯል። በዚያው ዘመን ለንደን ላይ የባለጸጋው ልጅ ሞግዚት ተቀጥራለት፣ አሻንጉሊት ተገዝቶለት፣ የራሱ ክፍል ተሰጥቶት ያድጋል። አንዲት አገር ሁለት ልጅነት ነበራት። ሕጉ የተለወጠው ሹማምንቱ በሥዕሉ ላይ ያዩትን የከሰል ልጅ እቤታቸው ካለው ልጅ ጋር በአንድ ዓይን ማየት ሲጀምሩ ነው።

ስለ ሕፃናት በወጣ ሕግ ሁሉ ጀርባ እንዲህ ያለ ምስል አለ። ልጅ ምን ዓይነት ፍጡር ነው? ለምንስ ይፈለጋል? ከእሱ ምን ይጠበቃል? ሕግ አውጪዎች እነዚህን ጥያቄዎች አንስተው ሲከራከሩ እምብዛም አይሰማም። መልሱን ከቤታቸው ይዘውት ይመጣሉና።

በአውሮፓ መልሱ ብዙ ጊዜ ተገለባብጧል። ብዙ ሰባኪዎች ልጅ ከአዳም ኃጢአት ጋር ስለሚወለድ እልኩ በጊዜ መሰበር አለበት ብለው ያስተምሩ ነበር፤ አለንጋም ነፍስ የማዳኛ መሣሪያ ሆኖ ይታይ ነበር። ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1693 ስለ ትምህርት ባሳተመው መጽሐፍ ልጅን ምንም ካልተጻፈበት ወረቀት ጋር አመሳሰለው፤ በዚህም ጥፋቱ ከልጁ ተፈጥሮ ወደ አሳዳጊው ዞረ። ዣን ዣክ ሩሶ በ1762 «ኤሚል» የተሰኘ መጽሐፉን ሲያወጣ ደግሞ ልጅ መልካም ሆኖ ይወለዳል፣ የሚያበላሸው ኅብረተሰቡ ነው አለ። ይኸው ሩሶ የወለዳቸውን አምስት ልጆች አንዱንም ሳያሳድግ ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ሰጥቷቸዋል። ስለ ልጅ የሚያምር ሐሳብ መያዝና እቅፍ ውስጥ ያለውን ልጅ ማሳደግ ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ከዚህ የከፋ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

ፈረንሳዊው የታሪክ ጸሐፊ ፊሊፕ አሪዬስ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ልጅነት የሚባል የተለየ የዕድሜ ክፍል ጨርሶ አልታሰበም ብሎ ተከራከረ። ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የዘመኑን ደብዳቤዎች፣ የዕለት ማስታወሻዎችና መጫወቻዎች መርምረው፣ ወላጆች ያኔም በልጆቻቸው ሞት ክፉኛ ያዝኑ እንደነበር፣ ልጆችም እንደሚጫወቱ በማሳየት ሐሳቡን አዳክመውታል። ከክርክሩ ተርፎ የቆየው ግን ትልቅ ነገር ነው፦ ልጅነት መቼ እንደሚያበቃና ከልጅ ምን እንደሚጠበቅ በየዘመኑና በየአገሩ ይለያያል።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎጃም ውስጥ አንድ ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከእናቱ ቤት የቀናት መንገድ ርቆ፣ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ እህል እየለመነ ይማራል። ለመንደሩ ሰው ይህ ልጅ በችግር ተፈትኖ ለትልቅ ቦታ የሚታጭ ተማሪ ነው። ያው ልጅ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ቢታይ አሳዳጊ የሌለው የኔ ቢጤ ተብሎ በማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ዕድሜው፣ ርሃቡና እግሩ ላይ ያለው ቁስል አንድ ሆኖ ሳለ፣ የሚሰጠው ስምና ስሙ የሚያመጣበት እርምጃ ተለያየ።

የሚጎዳው ምስል ጨካኙ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በእንግሊዝና በአሜሪካ አዲስ ሰው መጣ፦ ሕፃናትን የሚያድን በጎ አድራጊ። ለዚህ ሰው ልጅ ንጹሕ ነው፣ ደካማ ነው፣ ከክፉ አካባቢ ነጥቀው ቢያወጡት ይድናል። ብዙ ደግ ሥራ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1899 ቺካጎ ላይ የመጀመሪያው የሕፃናት ፍርድ ቤት ሲከፈት ልጆች ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር በአንድ እስር ቤት ከመታጎር ተገላገሉ። ዳኛው እንደ አባት ይሆናል፤ አባት ደግሞ ልጁን ሲመክር ጠበቃ አያስፈልግም ተባለ።

አባታዊ ፍርድ የት ሊያደርስ እንደሚችል በ1964 አሪዞና ውስጥ ታየ። ጄራልድ ጎልት የተባለ የ15 ዓመት ልጅ ለአንዲት ጎረቤት ስልክ ደውሎ ብልግና ተናግሯል በሚል ተያዘ። ፖሊስ ሲወስደው ወላጆቹ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ማንም አልነገራቸውም። ጠበቃ አልቆመለትም። ከሳሿ ችሎት አልቀረበችም፤ የተባለውም በወጉ አልተመዘገበም። ዳኛው 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በጥፋተኛ ልጆች ማረሚያ እንዲቆይ ወሰነ። ያንኑ ጥፋት የፈጸመ አዋቂ ቢሆን ቅጣቱ ከ5 እስከ 50 ዶላር ወይም ቢበዛ የሁለት ወር እስራት ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1967 ውሳኔውን ሽሮ፣ ልጅም ክሱ ሊነገረው፣ ጠበቃ ሊቆምለትና ምስክር ሊጠይቅ ይገባል አለ። እስከዚያ ድረስ ለ68 ዓመታት ልጁ መልስ እንዲሰጥ ማድረግ ግዴታ ያልሆነበት ምክንያት ፍርድ ቤቱ ስለወደደው ነበር።

ከዚህም የባሰ አለ። እንግሊዝ ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ከመቶ ሺህ በላይ ሕፃናትን ያለ ወላጅ በመርከብ ወደ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ሌሎች ግዛቶች ላከች። አስተሳሰቡ የደግ ሰው ነበር፦ ከለንደን ጠባብ ሠፈር ይልቅ ሰፊ እርሻ፣ ንጹሕ አየር፣ አዲስ ሕይወት። ብዙዎቹ ግን ወላጅ ነበራቸው፤ ለአንዳንዶቹ እናታቸው እንደሞተች ተነግሯቸዋል፣ እናቶችም ልጆቻቸው ለጥሩ ቤተሰብ እንደተሰጡ ተነግሯቸዋል። የደረሱበት ቦታ ለብዙዎቹ የጉልበት ሥራና ድብደባ ነበር። ማርጋሬት ሐምፍሪስ የተባለች የኖቲንግሃም ማኅበራዊ ሠራተኛ በ1980ዎቹ ጉዳዩን ቆፍራ እስክታወጣው ድረስ ብዙዎቹ እናታቸውን ሳይፈልጉ አርጅተዋል። የአውስትራሊያ መንግሥት በ2009፣ የእንግሊዝ መንግሥት በ2010 በይፋ ይቅርታ ጠየቁ።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ወደ 2,500 የሚጠጉ የኢትዮጵያ ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደዋል፤ ወደ አውሮፓ የሄዱት ሳይቆጠሩ። ብዙዎቹ አሳዳጊዎች ከልባቸው የወደዱ፣ ብዙዎቹም ልጆች ያማረ ሕይወት ያገኙ ናቸው። ነገር ግን ወላጅ አልባ ተብለው ከሄዱት መካከል እናት ወይም አባታቸው በሕይወት ያሉ ነበሩበት። ጉዲፈቻን ለዘመናት የሚያውቀው የአገሬው ባህል ልጁ ከአሳዳጊ ቤት ሆኖ የወለደችውን እናቱን እንዲያውቅ ይፈቅዳል፤ እናትም ይህንኑ አስባ ስትፈርም፣ የፈረመችበት ወረቀት ዝምድናውን ጨርሶ የሚቆርጥ ነበር። ልጆቹ አድገው ሲመለሱ፣ የሞተች የተባለችው እናት ደጃፏ ላይ ቆማ ያገኟት አሉ። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን አሻሽላ ልጆች በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር እንዳይሄዱ ከልክላለች።

በዚህ ሁሉ መካከል የልጅን ጉዳይ ከምጽዋት ወደ መብት ለመውሰድ የደከሙ ሰዎች ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ኤግላንታይን ጄብ ናት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝና አጋሮቿ በጣሉት የባሕር እገዳ ምክንያት በረሃብ ስለሚያልቁት የኦስትሪያ ሕፃናት የሚናገር ወረቀት ለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ላይ ስትበትን ተይዛ 5 ፓውንድ ተቀጣች። የጠላት ልጅ ምን አገባን በሚባልበት ወቅት ነው ይህን ያደረገችው። በዚያው ዓመት፣ በ1919፣ የሕፃናት አድን ድርጅትን መሠረተች፤ እሷ የጻፈችውን የአምስት ነጥብ መግለጫም የመንግሥታቱ ማኅበር በ1924 ጄኔቭ ላይ ተቀበለው። የተራበ ይመገብ፣ የታመመ ይታከም፣ በመከራ ጊዜ እርዳታ ለልጅ ይቅደም ይላል። በዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ሆኖም ሁሉም ነጥቦች አዋቂው ለልጁ ስለሚያደርገው ነገር ናቸው። ልጁ በመግለጫው ውስጥ ይቀበላል እንጂ አይናገርም።

የሚናገር ልጅ የነበረበት ቤት ዋርሶ ላይ ነበር። ያኑሽ ኮርቻክ የተባለ አይሁዳዊ ሐኪም ከ1912 ጀምሮ ባስተዳደረው የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ልጆች ዳኛ የሚሆኑበት ችሎት አቋቋመ። ጓደኛውን የመታ ይከሰሳል፤ አስተማሪም ይከሰሳል፤ ኮርቻክ ራሱ በልጆቹ ተከስሶ ቀርቧል። በ1926 ደግሞ ልጆች የሚጽፉበት ጋዜጣ አስጀመረ። ልጅ ወደፊት ሰው የሚሆን ሳይሆን ዛሬውኑ ሙሉ ሰው ነው የሚለውን እምነቱን እስከ መጨረሻው ኖሮበታል፦ ናዚዎች በነሐሴ 1942 ሁለት መቶ ያህሉን ልጆች ወደ ትሬብሊንካ ሲወስዱ፣ ራሱን የማትረፊያ ዕድል እያለው አብሯቸው ሄዶ አብሯቸው ሞተ።

የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን እንዲዘጋጅ በ1978 ሐሳብ ያቀረበችው አገርም የእሱ አገር ፖላንድ ናት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 1989 ላይ ያጸደቀው ይህ ሰነድ የቀድሞዎቹን ጥበቃዎች ሁሉ ይዞ አንድ አዲስ ነገር ጨመረ። አንቀጽ 12 የራሱን አስተያየት መያዝ የሚችል ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን እንዲገልጽ፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ይላል። ዛሬ 196 አገሮችና አካላት ኮንቬንሽኑን ተቀብለዋል። አሜሪካ በ1995 ፈርማ እስካሁን አላጸደቀችም፤ እዚያ ተቃውሞው በአብዛኛው የሚመጣው መንግሥት በወላጅና በልጅ መካከል ይገባል ብለው ከሚሰጉ ወገኖች ነው። ልጅ የቤተሰቡ ነው የሚለው ምስል በሀብታም አገርም ብርቱ ነው።

አፍሪካ የራሷን ቻርተር ያጸደቀችው በ1990 አዲስ አበባ ላይ ነው። ቻርተሩ በአንዳንድ ነጥብ ከዓለም አቀፉ ሰነድ ይጠነክራል፤ ለምሳሌ ኮንቬንሽኑ ለውትድርና 15 ዓመትን ወለል ሲያደርግ፣ የአፍሪካው 18 ዓመት ያልሞላው ማንም በውጊያ እንዳይሳተፍ ያዛል፤ 18 ሳይሞላ ማግባትንም በግልጽ ይከለክላል። አንቀጽ 31 ደግሞ ሌላ ቦታ የሌለ ነገር ይዟል፦ የልጅ ግዴታ። ልጅ እንደ ዕድሜውና አቅሙ ወላጆቹንና ታላላቆቹን ያክብር፣ በችግራቸው ይርዳቸው ይላል። አንዳንድ የመብት ተሟጋቾች ይህ አንቀጽ ለጉልበት ብዝበዛ በር ይከፍታል ብለው ይፈሩታል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሆኖም ውኃ ቀድታ፣ ታናሿን አዝላ፣ ለቤቷ ጠቃሚ መሆኗን እያወቀች የምታድግ ልጅ ከኮንቬንሽኑ ቋንቋ ይልቅ ራሷን በአንቀጽ 31 ውስጥ ታገኛለች። ግዴታ ያለበት ሰው የቤቱ አባል ነው፤ የቤቱ አባል ደግሞ ሊደመጥ ይገባዋል። ቻርተሩ በዚህ መንገድ ቢነበብ ለልጁ ይጠቅመዋል።

ኢትዮጵያ ኮንቬንሽኑን በ1983 ዓ.ም. ተቀብላ፣ በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሁሉ የልጁን ደኅንነት እንዲያስቀድም ደንግጋለች። በወረቀት ላይ የተሠራው ብዙ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም ጾታ 18 አደረገው። የመሥሪያ ዝቅተኛ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ ያለው ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ነው።

ጋብቻው ሕጉን ተከትሎ ወዲያው አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች 40 በመቶዎቹ 18 ሳይሞላቸው ያገቡ ነበሩ። ልጁን በ13 ዓመቷ የሚድር አባት ክፉ ሊያደርግባት አስቦ አይደለም። ክብሯ ሳይነካ፣ እሱም ሳይሞት ጎጆ ሊያወጣት ነው፤ በእሱ ዓይን ልጅነቷ አብቅቷል። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 አማራ ክልል ውስጥ ሞሰቦ ላይ የተሞከረው «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም የገባው ይህ ነው። ለልጃገረዶቹ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጠ፣ ሴት መካሪ ያላቸው የመገናኛ ቡድኖች አቋቋመላቸው፣ መንደሩን በጉዳዩ ላይ አወያየ፣ ልጁን ሳይድር ለቆየ ቤተሰብም የቤት እንስሳ ሸለመ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ዘንድ ጋብቻ በእጅጉ ቀነሰ፤ ትምህርት ቤት የሚውሉትም በዙ። ልጃገረዶቹ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ከእኩዮቻቸው ጋር ተቀምጠው ስለ ራሳቸው የሚያወሩበት ቦታ ማግኘታቸው ቀላል ነገር አልነበረም፤ ከዚያ በፊት የትዳራቸው ጉዳይ ከእነሱ ፊት የሚነሳ አልነበረምና።

ስለ ሥራ ሲነሳ የልጆች ድምፅ አዋቂን የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ። ቦሊቪያ ውስጥ በማኅበር የተደራጁ ሠራተኛ ልጆች ሕጉ ሥራቸውን ወንጀል ከሚያደርገው ይልቅ ደመወዛቸውንና ደኅንነታቸውን እንዲጠብቅላቸው ሰልፍ ወጡ። መንግሥት በ2014 በተወሰኑ ሁኔታዎች ከ10 ዓመት ጀምሮ መሥራትን ፈቀደ፤ ዓለም አቀፍ ተቃውሞ ተነሳ፤ በ2018 ዝቅተኛው ዕድሜ ተመልሶ 14 ሆነ። ልጅን መስማት ማለት የጠየቀውን ሁሉ መፈጸም አይደለም፤ የ10 ዓመት ልጅ የሚሠራበትን ሕግ መመለስ ትክክል ነበር። ነገር ግን እነዚያ ልጆች የተናገሩት ችግር፣ የተከለከለ ሥራ የሚሠራ ልጅ ሲበደል አቤት የሚልበት ቦታ የለውም የሚለው፣ መልስ ሳያገኝ ቀረ። አዲስ አበባ ውስጥ «ዘመድ ዘንድ ትማራለች» ተብላ ከገጠር መጥታ ቤት የምትጠርገው የ12 ዓመት ልጅም ያለችው እዚያው ላይ ነው። በሕግ ሠራተኛ አይደለችም፤ በእውነት ግን ከሁሉ ቀድማ ትነሳለች፣ ከሁሉ ዘግይታ ትተኛለች።

የአካል ቅጣትም እንዲሁ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። ስዊድን በ1979 ወላጅ ልጁን እንዳይመታ በመከልከል ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ሕጉን ለማስተዋወቅ የወተት ካርቶን ላይ ሳይቀር ጽፋለች። ዛሬ ከ60 በላይ አገሮች ተከትለዋታል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በትምህርት ቤትና ሕፃናት በሚያድጉባቸው ተቋማት ቅጣቱን ሲከለክል፣ ቤት ውስጥ ግን የወንጀል ሕጉ ለወላጅ ተገቢ የሆነ የመቅጣት መብት ትቶለታል። በዚህ መሠረት አንድን ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ መምታት ጥፋት፣ ቤት ውስጥ ግን አስተዳደግ ይሆናል።

ፍርድ ቤቶች ከሕግ አውጪው ቀድመው የሄዱበት ጊዜም ነበር። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 በሰጠው ውሳኔ፣ ልጁን ለአባት ያስረከቡትን የሥር ፍርድ ቤቶች ውሳኔ ሽሮ ልጁ ካሳደገችው አክስት ጋር እንዲቆይ አድርጓል። ሕጉ ሞግዚትነትን በሕይወት ላለው ወላጅ የሚሰጥ ቢሆንም፣ ችሎቱ ሕገ መንግሥቱንና ኮንቬንሽኑን ጠቅሶ የልጁ ጥቅም ይቀድማል አለ። የሰበር ውሳኔ በየደረጃው ያለን ፍርድ ቤት ስለሚያስገድድ፣ አባትነት ልጅን እንደ ንብረት የመረከብ መብት ነው የሚለው አስተሳሰብ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሕግ ፊት ተሸንፏል። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትም ለሕፃናት ምቹ የሆኑ ችሎቶች ተቋቁመው፣ ጥቃት የደረሰበት ልጅ ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳያይ ከሌላ ክፍል በካሜራ ቃሉን እንዲሰጥ ተደርጓል።

የቀረው ክፍተት ያለው ብዙ ልጆች በሚያልፉበት በር ላይ ነው። የቤተሰብ ሕጉ ጉዲፈቻ ሲጸድቅ ፍርድ ቤቱ የልጁን አስተያየት እንዲመለከት በአንቀጽ 194 ያዛል። ባልና ሚስት ሲፋቱ ግን አንቀጽ 113 የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም ዘርዝሮ ያቆማል። ልጁ ይጠየቅ የሚል ቃል የለበትም። የ11 ዓመት ልጅ ከእናቷ ወይስ ከአባቷ ጋር እንደምትኖር፣ ከታናሽ ወንድሟ ትለይ እንደሆነ፣ ትምህርት ቤቷን ትቀይር እንደሆነ ሲወሰን፣ ዳኛው ጠርቶ ሊያነጋግራት ይችላል፤ በሁለቱ ወላጆች ክርክር ብቻ ሊወስንም ይችላል። አንቀጽ 194 ውስጥ ያለውን አንድ መስመር ወደ አንቀጽ 113 ለማሻገር አዲስ ተቋምም ሆነ ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ የማሻሻያ አዋጅ ነው።